ከባድ ሞተር ትሬለር ላይ ስታስሩ፦ ማሰሪያው የሚላላው ለምንድነው?

በፈረንጆቹ ማርች መጀመሪያ ላይ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በአይ-95 አውራ ጎዳና የነዳ ሰው ሳያስተውል አይቀርም። ፒክአፑ፣ ቫኑ፣ አንዳንዴም ተራ የቤት መኪና ሞተር ሳይክል የጫነ ትሬለር አስከትሎ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳል። ዴይቶና ቢች ላይ ከ1937 ጀምሮ የሚታወቅ የሞተረኞች ሳምንት አለ። ከዲሲ አካባቢ እስከዚያ 800 ማይል ገደማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ በረዶ እየተፋቀ፣ ያን ሁሉ መንገድ በሞተር ልንዳ የሚል ጀግና ጥቂት ነው። «ሞተራችሁን በትሬለር የምታዞሩ» እያሉ የሚያሾፉ አሉ፣ ይሹፉ። ቁም ነገሩ ሞተሩ እንደተጫነ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቧጨር መድረሱ ነው።

የሚጫነው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2018 ወዲህ ያለው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ቱር ነዳጁንና ዘይቱን ይዞ 380 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሱ በፊት የነበረው ሞዴል ከ400 ኪሎ ያልፋል። የሃርሊ ኡልትራ ሊሚትድም እዚያው 400 አካባቢ ነው። አገር ቤት አይሱዙ ላይ ሞተር በገመድ ታስሮ ሲሄድ ያየ ሰው «ታዲያ ምን ያስቸግራል?» ይል ይሆናል። እነዚያ አብዛኞቹ ከ150 ኪሎ በታች ናቸው፣ ሁለት ጎረምሳ ብድግ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ጎልድ ዊንግ አንዴ ማዘንበል ከጀመረ ሁለት ሰው አይመልሰውም።

ትሬለር ላይ ስለወደቀ ሞተር ሲወራ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ማሰሪያው ተበጠሰ» የሚል ነው። የሚበጠስም አለ። ግን ዝርዝሩን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ደህና ነው፣ ራቼቱም (ማሰሪያውን በእጀታ እያጠበቀ የሚቆልፈው ብረት) እንደተቆለፈ ነው፣ መንጠቆው ግን ከቦታው ወልቋል። የተወጠረ ማሰሪያ መንጠቆው አይወልቅም። የሚወልቀው ለአንድ አፍታ ሲላላ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ጠንካራ ማሰሪያ ልግዛ?» ሳይሆን «የገዛሁት ማሰሪያ መንገድ ላይ ለምን ይላላል?» ነው። ይሄን የገባው ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ይደርስበታል።

ጣጣው ሞላው ላይ ነው

ፍሪጅ ስታስሩ ፍሪጁ አይተጣጠፍም። ሞተር ግን በጎማውና በሻንሲው መካከል ሞላ አለው። ማሰሪያውን ሻንሲው ላይ አስራችሁ ወደ ታች ስትስቡት፣ የምትጫኑት ሞላውን ነው። ሞላው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ማሰሪያውን ወጥሮ የሚይዘው ይሄው የሞላው ግፊት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ።

አሁን ትሬለሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባ እንበል። የትሬለሩ ወለል ድንገት ወደ ላይ ይመጣል፣ የሞተሩ አካል ደግሞ ባለበት መቆየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሞላው እናንተ ካሰራችሁት በላይ ይጨመቃል። በዚያች ቅጽበት በማሰሪያው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት አጠረ። ማሰሪያው ራሱ ግን አላጠረም። ላላ ማለት ነው። መንጠቆው አፉ ክፍት የሆነው ዓይነት ከሆነ፣ ከቀለበቱ ዘሎ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። ካልወጣም ሞላው ተመልሶ ሲዘረጋ ማሰሪያውን በኃይል ይነጥቀዋል። ይሄ ነገር 800 ማይል ሙሉ ይደጋገማል።

መፍትሔው ከመነሻው ሞላውን በቂ አድርጎ መጫን ነው። በቂ ስንት ነው? ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚስማሙበት ከፊት ሞላው ጠቅላላ ጉዞ ከሲሶ እስከ ግማሽ ነው። አዲሱ ጎልድ ዊንግ ላይ የፊቱ ጉዞ 11 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሞተሩ ከራሱ ክብደት የተነሳ የሚወርደውን ጨምሮ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ቢወርድ ይበቃዋል። በዓይን መገመት አያስተማምንም። ከመወጠራችሁ በፊት ከሻንሲው የታችኛው ክፍል እስከ ትሬለሩ ወለል በሜትር ለኩ፣ ስትጨርሱ ድገሙት።

«ታዲያ ለምን እስከ መጨረሻው አልጫነውም?» የሚል አለ፣ በተለይ ራቼት በእጁ የገባ ሰው። ራቼት ደግሞ ጉልበት ያበዛል፣ አንድ ሰው ያለ ምንም ላብ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የ400 ኪሎ ሞተርን ሞላ ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ሞላው እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ በኋላ ግን ድንጋጤ የሚውጥ ነገር የለም። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ምት በቀጥታ ወደ ማሰሪያው፣ ወደ ቀለበቱና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። ፎርክ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘ፣ ሞላ ያለበት ሹካ መሰል ብረት) ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የዘይት መያዣ ጎሚኒውን ያስጨንቀዋል፣ ስትደርሱ ፎርኩ ላይ የዘይት መስመር ታያላችሁ።

ከኋላም አንድ ወጥመድ አለ። ቆየት ያሉት የሃርሊ ቱሪንግ (የረጅም ጉዞ) ሞተሮች የኋላ አሞርቲዘራቸው የአየር ነው። አየሩ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ከሆነ፣ ጠዋት እንደ ክራር የተወጠረው ማሰሪያ ከሰዓት ሲንጠለጠል ታገኙታላችሁ። ምንም አልተበጠሰም፣ ምንም አልወለቀም። ሞተሩ ብቻ ዝቅ አለ። ከመጫናችሁ በፊት አየሩን አረጋግጡ።

ሌላም ስልት አለ። መኪና የሚያጓጉዙ ትራኮችን አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙዎቹ አሁን የሚያስሩት ጎማውን ነው። መኪናው በገዛ ሞላው ላይ እየተወዛወዘ ይሄዳል፣ ማሰሪያው ግን አይላላም፣ ምክንያቱም በጎማውና በወለሉ መካከል ሞላ የለም። ለሞተርም የኋላ ጎማውን ከላይ አቅፎ ወለሉ ላይ የሚያስር ሰፊ ማሰሪያ አለ። በጣም እወደዋለሁ። ብቻውን ግን ለከባድ ሞተር አይበቃም፣ ላዩ ይወዛወዛል። ስለዚህ የኔ ምርጫ ድብልቅ ነው፦ ከፊት ሁለት ማሰሪያ ሻንሲው ላይ፣ ከኋላ ሁለት፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማውን የሚይዝ አንድ። አምስተኛው ማሰሪያ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከአራቱ አንዱ ሲላላ ግን ጎማው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው።

የት ይታሰር?

መሪው ላይ አትሰሩ። የመስክ ሞተር የለመደ ሰው ይሄን ሲሰማ ይከራከራል፣ እውነቱንም ነው፣ 110 ኪሎ ለሚመዝን ሞተር መሪ ላይ ማሰር የተለመደ ነው። የቱሪንግ ሞተር መሪ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ በጎማ ቡሽ ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ ሲጎተቱ ይሰምጣሉ፣ ይጠመዘዛሉ። ከዚያ ደግሞ የፍሪሲዮኑ፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ የሬዲዮው፣ የመሪ ማሞቂያው ሽቦ ሁሉ እዚያው አጠገብ ነው።

ሃርሊ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፎርኩን ከታች የያዘውን ብረት ነው። የጨርቅ ቀለበት ከውስጥ ታሳልፋላችሁ፣ ራቼቱን ከቀለበቱ ጋር ታገናኛላችሁ። ቀለበቱ ከፍሬን ቱቦውና ከሽቦዎቹ በስተጀርባ ማለፉን በእጅ ዳብሱ፣ በዓይን ብቻ አትመኑ። የፍሬን ቱቦ በማሰሪያ ስር ተጨፍልቆ ሲሄድ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ስትነዱ ነው።

ከ2018 ወዲህ ያለው ጎልድ ዊንግ ላይ ይሄ ምክር አይሠራም። ይሄ ሞተር የተለመደው ፎርክ የለውም፣ የፊት ሳስፔንሽኑ እንደ መኪና በሁለት አግዳሚ ክንዶች የተሠራ ነው። ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ያንኑ ቦታ ብትፈልጉ አታገኙትም። እነዚያን ክንዶችም ዝም ብላችሁ አትሰሩባቸው። ከሞተሩ ጋር የመጣውን መመሪያ ክፈቱ፣ ወይም ሻንሲው ላይ በቀጥታ የታሰረ ጠንካራ ብረት ፈልጉ። የኢንጂን መከላከያ ብረቱን የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ግን የፋብሪካውንና ለውበት ተብሎ በኋላ የተገጠመውን ክሮም ቱቦ ለዩ። የኋለኛው በሁለት ቀጭን ቡሎን ብቻ የተያዘ ሊሆን ይችላል።

ከኋላ የተሳፋሪው እግር መርገጫ የታሰረበት ብረት ወይም የሻንሲው የኋላ ክፍል ይሻላል። የጎን ሻንጣዎቹን የከበበው ቀጭን ብረት ለሻንጣው ነው የተሠራው፣ ለማሰሪያ አይደለም። የጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ማሰሪያም ተጠንቀቁ። ሞተሩን በራሱ ኢንጂን አስወጥታችሁ ወዲያው ካሰራችሁ፣ ትኩስ ብረት ማሰሪያን ያቀልጣል።

አቅጣጫው? የሰርግ ድንኳን ሲተከል ገመዶቹ እንዴት እንደሚዘረጉ አስቡ። ከምሰሶው አጠገብ ቁልቁል የሚታሰር ገመድ የለም፣ ሁሉም ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ይወጠራል። ሞተርም እንደዚያው ነው። ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። በዚህ ማዕዘን ከማሰሪያው ውጥረት 70 በመቶ ያህሉ ወደ ታች ይጫናል፣ 70 በመቶ ያህሉ ደግሞ ወደ ጎን ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ ያልፋሉ ብላችሁ አትገረሙ፣ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። ማሰሪያው ተኝቶ 20 ዲግሪ ላይ ከወረደ፣ ወደ ታች የሚጫነው ከውጥረቱ ሲሶው ብቻ ነው። በጣም ቀጥ ካለ ደግሞ ሞላውን ይጫናል እንጂ ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይወድቅ አይረዳም። ጠባብ ትሬለር ላይ ትልቁ ችግር ይሄ ነው።

የፊቶቹ ሁለት ወደ ፊትና ወደ ታች ይስባሉ፣ ጎማውን ወደ መያዣው እያስገቡ። የኋላዎቹ ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ውጭ ናቸው፣ ከፊቶቹ ቀለል ያለ ውጥረት ይበቃቸዋል። ከኋላ አብዝታችሁ ከሳባችሁ ሞተሩን ከመያዣው እያወጣችሁት ነው። ስትወጥሩ ደግሞ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ግራ ሁለት ጠቅ፣ ቀኝ ሁለት ጠቅ። በመካከል ከፊት ራቅ ብላችሁ ሞተሩ ቀጥ ማለቱን እዩ።

የፊት ጎማ መያዣውን፣ ቾክ የሚባለውን፣ አትናቁት። መኪና ጎማ ስር እንደሚጣለው ታኮ ያለ ነገር አይበቃም፣ ጎማውን ከፊትና ከሁለት ጎን አቅፎ የሚይዝ ሊሆን ይገባል። ድንገት ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት የሚመጣውን ክብደት የሚቀበለው እሱ ነው። በእንጨት ብሎን ፕላይውድ ላይ ከተገጠመ እንደሌለ ቁጠሩት። ወለሉን በስቶ የሚያልፍ ቡሎን፣ ከታች ሰፊ ብረት ወይም ትልቅ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። የማሰሪያ ቀለበቶቹም በዚሁ መንገድ።

ስለ ጎን ስታንድ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፦ «ወርዶ ቢሆን ተጨማሪ ድጋፍ አይሆንም?» አይሆንም። ማሰሪያው ሞተሩን ሲጫን ክብደቱ ስታንዱ ላይ ያርፋል፣ ያጣምመዋል። ትሬለሩ ሲዘል ደግሞ ስታንዱ ከወለሉ ይነሳና መልሶ ይመታል፣ ያኔ አንደኛው ጎን ይላላል። ስታንዱን አንሱት። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ማቆም የቾኩና የማሰሪያዎቹ ሥራ ነው። ተራ ማርሽ ያለውን አንደኛ ማርሽ ላይ ተዉት። ጎልድ ዊንግ አውቶማቲኩ ግን ሲጠፋ ማርሹ ራሱ ነጻ ይሆናል፣ ስለዚህ የማቆሚያ ፍሬኑን (ፓርኪንግ ብሬኩን) መያዝ አትርሱ።

ማሰሪያው ራሱ

ሱቅ ውስጥ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ማሰሪያው የሚበጠስበት ነው። እናንተ የምትፈልጉት በትንሹ የተጻፈውን፣ የሥራ ጭነቱን ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ነው። «1500 ፓውንድ» ብሎ የሚጮህ ባለ 1 ኢንች ማሰሪያ የሥራ አቅሙ 500 ፓውንድ ነው።

ምን ያህል ይበቃል ለሚለው የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ሕጉ የተጻፈው ለንግድ መኪናዎች ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ለሁላችንም ይጠቅማሉ። ጭነት ሲታሰር ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ደግሞ 50 በመቶ የሚሆን ኃይል መቋቋም አለበት። 380 ኪሎ ለሚመዝን ጎልድ ዊንግ ሲሰላ፣ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት 304 ኪሎ የሚያህል ግፊት፣ ድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ ወደ ጎን 190 ኪሎ። እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትመልሱት ነገር አይደለም።

በወረቀት ላይ አራት ቀጫጭን ማሰሪያ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ግን ለዚህ ክብደት ባለ 1 ኢንቹን አልጠቀምም። ቀጭን ማሰሪያ አንድ ቦታ ላይ ከታሸ ቶሎ ያልቃል፣ የሚተርፈው ነገርም ትንሽ ነው። ባለ 1.5 ወይም ባለ 2 ኢንች ውሰዱ። ፖሊስተር ይሁን። ናይሎን ውሃ ሲነካው ይረዝማል፣ ካሮላይና ላይ ዝናብ ከያዛችሁ ውጥረታችሁ አብሮ ይሄዳል። መንጠቆው ምላስ ያለው፣ ራሱን የሚዘጋ ይሁን። ክፍት መንጠቆ ያለው ማሰሪያ ቤት ውስጥ ካላችሁ ለሶፋ ማጓጓዣ አስቀምጡት።

በራቼትና በእጅ ብቻ በሚሳበው መቆንጠጫ መካከል የሚከራከሩ አሉ። ለቀላል ሞተር መቆንጠጫው ይሻላል፣ አብዝቶ መወጠር አይቻልም። ለ400 ኪሎ ራቼት ነው። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልላችሁ እሰሩት። በነፋስ የሚውለበለብ ጫፍ ቀለም ይገርፋል፣ ጎማ ስርም ይገባል። ረጅሙ ክፍል በነፋስ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ አጠማዝዛችሁ እሰሩት፣ ዝም ይላል።

ማሰሪያ ቀለም የሚነካበት ቦታ ካለ ጨርቅ አድርጉበት ሳይሆን መንገዱን ቀይሩት። ጨርቁ ይንሸራተታል። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ማሰሪያ አቧራ ከያዘ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። በዚሁ ምክንያት ክፍት ትሬለር ላይ ሞተሩን በሸራ አትሸፍኑ። ለመከላከል ብለው የሸፈኑት ሰዎች ናቸው ጥግ ጥጉን ተፍቆ የሚያገኙት።

ትሬለሩ ሲጮህ ሰሚ ይኑረው

ሞተሩ በደንብ ታስሮ ትሬለሩ ራሱ ቢገለበጥ ምን ዋጋ አለው? እዚህ ላይ አንዱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፣ የመጎተቻው ኳስ (ትሬለሩ ከመኪናው ኋላ የሚያያዝበት ክብ ብረት) ላይ የሚያርፈው ክብደት። ከትሬለሩና ከጭነቱ ድምር ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ትሬለሩ 300 ኪሎ፣ ሞተሩ 380 ቢሆን ድምሩ 680 ነው፣ ኳሱ ላይ ከ68 እስከ 102 ኪሎ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ትሬለሩ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። የሚስተካከለውም ሞተሩን ጥቂት ወደ ፊት በማስጠጋት ነው፣ ስለዚህ ቾኩን በቡሎን ከመምታታችሁ በፊት ሞተሩን አስቀምጣችሁ ለኩ። ትሬለሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ የቤት ሚዛን ከአፍንጫው (ኳሱ ላይ ከሚቀመጠው የፊት ጫፉ) ስር ማስገባት ይቻላል።

መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን ላይ አትውጡ። ከነዳጁ እግራችሁን አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሱ ይረጋጋል።

ኳሱ ከመያዣው ልክ ጋር መግጠሙን ቁጥሩን እያነበባችሁ አረጋግጡ። በአሜሪካ 1 7/8፣ 2 እና 2 5/16 ኢንች አሉ፣ ባለ 2 ኢንች መያዣ በትንሹ ኳስ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ይነሳል። የትሬለሩን የደህንነት ሰንሰለቶች አጠላልፋችሁ ከስር አሳልፉ፣ አፍንጫው ቢወልቅ መሬት ሳይነካ እንዲያርፍባቸው። የትሬለር ጎማ ብዙዎቹ የተሠሩት ለ65 ማይል ፍጥነት ነው። አይ-95 ላይ ደቡብ ስትደርሱ ቦርዱ 70 ይላል። ቦርዱ የሚናገረው ስለ መንገዱ ነው፣ የናንተ ጎማ የሚለው ሌላ ነው።

ሲጫን

ብቻችሁን አትጫኑ። ትሬለሩ ከመኪናው ጋር ሳይያያዝም አትጫኑ፣ 380 ኪሎ ከኋላ ሲወጣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል። መወጣጫው ሰፊ ይሁን፣ እሱም በማሰሪያ ከትሬለሩ ጋር ይታሰር። የኋላ ጎማው ሲገፋ መወጣጫውን ወደ ኋላ ይተኩሰዋልና።

አደገኛው ቅጽበት ጫፉ ላይ ነው። የፊት ጎማው ትሬለሩ ላይ ወጥቷል፣ እናንተ ደግሞ መወጣጫው መካከል ናችሁ፣ እግራችሁን ብትዘረጉ መሬቱ የለም። ጠባብ መወጣጫ ላይ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መውጣት ለዚህ ነው መጥፎ የሆነው። ሰፊ ካልሆነ ከጎን ቆማችሁ በቀስታ፣ ፍሪሲዮኑን እየለቀቃችሁ፣ ሌላ ሰው ከማዶ ይዞት ውጡ። ጎልድ ዊንግ አውቶማቲኩ በእግር ፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ስልት ስላለው እፎይ ያሰኛል። ቾኩ ውስጥ ከገባ በኋላ አንዱ ሞተሩን ይዞ ሳይለቅ ሌላው የፊት ማሰሪያዎቹን ይወጥር። ሁለቱ እስኪወጠሩ ድረስ የያዘው ሰው ስልኩን አያነሳም።

ከዚያ ሻንጣዎቹን ቆልፉ፣ አንቴናውን አውርዱ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጉ። ሃርሊ ማንቂያ ካለው ለጉዞ የሚሆን ስልት አለው፣ እሱን አብሩ፣ አለዚያ መንገዱን ሙሉ ይጮሃል፣ ባትሪውም ያልቃል።

መንገድ ላይ

ከቤት ወጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ማይሎች እንደጨረሳችሁ ቁሙ። ሞተሩ የሚደላደለው ያኔ ነው፣ ጎማው ቾኩ ውስጥ ትንሽ ይገባል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ማሰሪያው ይተርፋል። ለንግድ ሹፌሮች የወጣው የፌደራል ደንብ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ ጭነት እንዲታይ ያዛል። ከአሌክሳንድሪያ ለተነሳ ሰው የመጀመሪያው ፍሬደሪክስበርግ አካባቢ ይውላል፣ ሁለተኛው ሰሜን ካሮላይና ልትገቡ ስትሉ። ለነዳጅም ለሽንትም ለማንኛውም ትቆማላችሁ።

ስትቆሙ በእጅ ንኩ። እያንዳንዱን ማሰሪያ በጣት ምቱት፣ የፊቶቹ ሁለቱ እርስ በርስ፣ የኋላዎቹም እርስ በርስ ተቀራራቢ ድምፅ ይስጡ። አንዱ ደብዘዝ ካለ ወዲያው ራቼቱን አትጠምዝዙ፣ መጀመሪያ ለምን እንደላላ እዩ። ቀለበቱ ተንሸራትቶ ነው? የኋላው አየር ወርዶ ነው? የቾኩ ቡሎን ላልቶ ነው? ምክንያቱን ሳታዩ ብትወጥሩት ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ጎትታችሁ ታጋድሉታላችሁ። ማታ ሞቴል ካደራችሁ ደግሞ የትሬለሩን ኋላ ግድግዳ ላይ አስጠጉ፣ ኳሱንም ቆልፉ። ይሄ ለሌባ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ፦ የሞተሩ ኢንሹራንስ ትሬለር ላይ ተጭኖ ሳለ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል ወይ? አንዳንዱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ከመኪናው ጋር ያያይዘዋል። ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፣ ያነጋገራችሁን ሰው።

ስታወርዱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አንድ ሰው ሞተሩን ይያዝ። የኋላ ጎማውን ማሰሪያ፣ ከዚያ የኋላዎቹን ሁለት ፍቱ። የፊቶቹን መጨረሻ ላይ፣ አንዱን በአንዴ ሳትለቁ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ። የታፈነው ሞላ ሲለቀቅ ሞተሩ ብድግ ይላል፣ አንደኛው ጎን ቀድሞ ከተለቀቀ ወደ ሌላው ይጋደማል፤ 800 ማይል ቀጥ ብሎ የመጣ ሞተር ፓርኪንግ ውስጥ የሚወድቀው እንዲህ ነው። ወደ ኋላ ከመልቀቃችሁ በፊት የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ መያዙን አረጋግጡ። ማሰሪያዎቹን ስትጠቀልሉ ደግሞ ጠርዛቸውን በጣት ዳብሱ። ክር የወጣበት ወይም መለያ ጽሑፉ የጠፋ ካለ ለመልሱ አትጠብቁት፣ እዚያው ጣሉትና ሌላ ግዙ።